«ኑን» ዘጠኝ ነው ወይስ አሥራ ሁለት?

ጥያቄ፦ እንግሊዝኛ የሚያስተምሩን ሰው በቀደም ዕለት «ኑን» የሚለው ቃል ከላቲን እንደመጣና «ዘጠነኛ» ማለት እንደሆነ ነገሩን። ግራ ገባኝ። ኑን እኩለ ቀን አይደል? በእኛ ስድስት ሰዓት ነው፣ በፈረንጅ አሥራ ሁለት። ዘጠኝ ከየት መጣ?

መልስ፦ አስተማሪዎ አልተሳሳቱም። ቃሉ የመጣው «ኖና ሆራ» ከሚለው ላቲን ነው፤ ዘጠነኛ ሰዓት ማለት ነው። ደስ የሚለው ደግሞ ይህን ነገር ከእንግሊዛዊ ይልቅ ለኢትዮጵያዊ ማስረዳት ይቀላል። የጥንት ሮማውያን የቀኑን ሰዓት የሚቆጥሩት እንደ እኛ ነበራ! ፀሐይ ስትወጣ ይጀምራሉ፤ እስክትጠልቅ አሥራ ሁለት ሰዓት ይሞላል። ስድስተኛው ሲያልቅ እኩለ ቀን ነው። ዘጠነኛውም የእኛው ዘጠኝ ሰዓት ነው፣ ዛሬ ፈረንጅ «ስሪ ፒኤም» የሚለው። አንድ ልዩነት ግን አለ። እነሱ የቀኑን ብርሃን ለአሥራ ሁለት እኩል ስለሚያካፍሉት፣ በብርዱ ወራት ቀኑ ሲያጥር እያንዳንዱ ሰዓትም አብሮ ያጥር ነበር። እኛ አገር ቀንና ሌሊቱ ዓመቱን ሙሉ ብዙም ስለማይበላለጥ ይህ ችግር የለብንም።

ዘጠኝ ሰዓት ደግሞ እንዲሁ የሚያልፍ ሰዓት አልነበረም። ጌታ በመስቀል ላይ በታላቅ ድምፅ የጮኸው በዘጠኝ ሰዓት እንደሆነ ወንጌል ይናገራል። ጴጥሮስና ዮሐንስም ለጸሎት ወደ መቅደስ የወጡት በዚሁ ሰዓት ነው፤ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 3ን ይመልከቱ። ስለዚህ የምዕራቡ ዓለም መነኮሳት በዚያ ሰዓት ጸሎት ያደርሱ ነበር፣ ስሙም «ኖና» ነው። የእኛዋ ቤተ ክርስቲያን ጸሎተ ተሰዓት የምትለው መሆኑ ነው። የጥንት እንግሊዞች ቃሉን ከቤተ ክርስቲያን ወስደው «ኖን» አሉት። ያኔ ለእነሱም ዘጠኝ ሰዓት ነበር።

ታዲያ እንዴት ወደ ቀትር መጣ? እዚህ ላይ ጾም ይገባል። መነኮሳቱ በብዙዎቹ የጾም ቀናት እህል የሚቀምሱት ኖና ከደረሰ በኋላ ነበር። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የጾመ ሰው የዚያን ሰዓት አመጣጥ ያውቀዋል፤ ስምንት ሰዓት ላይ ደቂቃው አልሄድ ይላል። ጸሎቱም ማዕዱም ቀስ በቀስ ቀደም እያለ፣ ከ12ኛው እስከ 14ኛው ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ ውስጥ «ኑን» እኩለ ቀን ላይ አረፈ። የቋንቋ ሊቃውንት በብዛት የሚሰጡት ምክንያት ይህ ነው፤ እኔንም ያሳምነኛል። ሕዝቡ ቃሉን የያዘው በቁጥሩ ሳይሆን በማዕዱ ነውና፣ ምሳው ሲነሣ ስሙም ተከትሎት ሄደ። «አፍተርኑን»ም ከዚሁ የወጣ ነው፣ ከኑን በኋላ ማለት።

ስፔኖች ግን ከስድስቱ አልተነቃነቁም። ከምሳ በኋላ ጋደም የሚሉባት «ሲየስታ» የመጣችው «ሴክስታ ሆራ»፣ ስድስተኛ ሰዓት ከሚለው ላቲን ነው። በቀትር ማረፍ ማለት ነው እንግዲህ፤ ለእኛ ጆሮ ምንም አይከብድም።

አሥራ ሁለቱስ? እሱ ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ከመቁጠር የመጣ ሌላ አቆጣጠር ነው። ስለዚህ አንዷ ቀትር በእኛ ስድስት፣ በፈረንጅ ሰዓት አሥራ ሁለት፣ በስሟ ደግሞ ዘጠኝ ሆና ቀረች።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ሰው ቀጠሮ ላይ የሚሳሳትበት ስለሆነ። «ፒኤም» ማለት ከቀትር በኋላ ነው፤ «ኤኤም» ከቀትር በፊት። ቀትር ራሷ በፊትም በኋላም አይደለችም። ለዚህ ነው ጠንቃቃ ሰዎች «12 ኑን» ብለው የሚጽፉት። «12 ፒኤም» የሚል ቀጠሮ ከደረሰዎም ያው ቀን ስድስት ሰዓት ነው፤ እኩለ ሌሊት እንዳይመስልዎ።