የነሐሴ ማብቂያና የመስከረም ሰማይ፦ ከጉና እስከ ፎገራ ጥያቄና መልስ

ከቡሄ እስከ መስከረም ማብቂያ በደቡብ ጎንደር ያለው አየር ምን ይመስላል፣ ትንበያውስ እንዴት ይነበባል በሚል የቀረቡ ጥያቄዎች እነሆ ከነመልሳቸው። መልሶቹን ሁሉ የሚያያይዝ አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። የጉና ተራራ ከ4,100 ሜትር በላይ ነው፤ የፎገራ ሜዳ ደግሞ 1,800 ሜትር ግድም። ርብና ጉማራ ከጉና ተነስተው ሜዳውን አቋርጠው ጣና ይገባሉ። ስለዚህ ለሁለቱ አንድ ትንበያ አይበቃም፤ የሜዳው ሰውም ከራሱ ሰማይ አስቀድሞ የጉናን ሰማይ መጠየቅ አለበት።

ጥያቄ (ከወረታ)፦ «ቡሄ ካለፈ የለም ክረምት» ይባላል። እውነት ከነሐሴ 13 በኋላ ዝናቡ ይቀንሳል?

ወዲያው አይቀንስም፤ ጠባዩ ግን ይለወጣል። ዝናቡን የሚያመጣው ከሰሜንና ከደቡብ የሚነፍሱት ነፋሶች የሚገናኙበት ቀበቶ ነው። ይህ ቀበቶ በሐምሌና በነሐሴ ወደ ሰሜን ርቆ ይወጣና ከነሐሴ ማብቂያ ጀምሮ ወደ ደቡብ ያፈገፍጋል። ስለዚህ ክረምቱ መጀመሪያ የሚለቀው ትግራይን፣ ዋግንና ራያን ነው። ደቡብ ጎንደር ላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ እስከ መስከረም ሁለተኛ አጋማሽ ይቆያል፤ አንዳንድ ዓመት ጥቅምትን ይነካል። ወለጋና ኢሉባቦር ከዚያም ይዘገያል።

ከቡሄ በኋላ የሚለወጠው አዘናነቡ ነው። ቀኑን ሙሉ የሚያካፋው ይቀንስና ጠዋት ፀሐይ፣ ከሰዓት ነጎድጓድ ይሆናል። ፀሐይዋ መሬቱን ስለምታሞቅ ደመናው በፍጥነት ወደ ላይ ይገነባል፤ ያጠራቀመውንም ባጭር ጊዜ ያወርደዋል። ችግሩ መሬቱ አስቀድሞ መጥገቡ ነው። በሰኔ የተሰነጠቀ ዋልካ 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ዋጥ ያደርጋል፤ በነሐሴ ማብቂያ ያው 30 ሚሊ ሜትር አብዛኛው ጎርፍ ሆኖ ይሄዳል። ቡሄን አልፈናል ብሎ መዘናጋት ዋጋ የሚያስከፍለው ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ ክረምቱ መውጣቱን በምን አውቃለሁ?

በነፋሱ። በክረምት ከደቡብ ምዕራብና ከምዕራብ የሚመጣው እርጥብ ነፋስ ቆሞ ለበርካታ ቀናት ከምሥራቅ ወይም ከሰሜን ምሥራቅ ደረቅ አየር ከነፈሰ፣ ሌሊቱ ጠርቶ ማለዳ ጤዛ ከወረደ፣ ከሰዓት የሚወጣው ደመናም ጠፍጣፋ ሆኖ ወደ ላይ ማደጉን ከተወ፣ ወጥቷል። በመስከረም መጀመሪያ አምስት ስድስት ቀን ብራ ሆኖ ዝናቡ መመለሱ የተለመደ ነው፤ በዚያ ብቻ አጨዳና ውቂያ አያቅዱ። የኢትዮጵያ ሜትዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የሚያወጣውን የአሥር ቀን ትንበያ ሁለት ተከታታይ ጊዜ አይተው ሁለቱም «ደረቅ» ካሉ ልብዎን ይጣሉበት።

ጥያቄ (ከፎገራ፣ ጣና ዳር)፦ እዚህ ጠብታ ሳይዘንብ አድሮ ማለዳ ስንነሳ ውሃው ደጃችን ደርሶ እናገኘዋለን። ለምን?

ሦስት ነገሮች ይገናኛሉ። አንደኛ፣ ተራራው ላይ ዝናቡ የሚበረታው ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ ምሽት ነው። ያ ውሃ በየጅረቱ ተሰብስቦ ሜዳው ላይ ለመድረስ ሰዓታት ይፈጅበታል፤ ስለዚህ እናንተ ዘንድ የሚደርሰው በእንቅልፍ ሰዓት ነው። ሁለተኛ፣ ሐይቁ የራሱ የሌሊት ዝናብ አለው። ማታ የብሱ ቶሎ ሲቀዘቅዝ ጣና ሙቀቱን ይዞ ያድራል፤ ከዙሪያው ቀዝቃዛ አየር ወደ ሐይቁ ይነፍስና መሀል ላይ ሲጋጭ ሞቃቱን እርጥብ አየር ወደ ላይ ይገፋዋል። የሌሊቱ መብረቅ በሐይቁ በኩል የሚታየው ለዚህ ነው።

ሦስተኛው ብዙ ሰው የሚረሳው ነው። የጣና ውሃ ዝቅ የሚለው ክረምቱ ሲገባ ሲሆን፣ ከፍታው ጫፍ የሚደርሰው በመስከረም ነው። ሐይቁ ሲሞላ ወንዙ መውጫ ያጣል፤ ወደ ኋላ ተመልሶ በዳርቻው ይፈሳል። የወንዞቹ ወለልም በደለል ስለተሞላ የመያዝ አቅማቸው አንሷል። ስለዚህ በሐምሌ ምንም ያላደረገው የጉና ዝናብ በጳጉሜንና በመስከረም መጀመሪያ ቤት ሊያስለቅቅ ይችላል። የርብ ግድብ ከበላዩ የመጣውን ውሃ ያዘገያል፤ ከግድቡ በታች የሚገቡትን ጅረቶች ግን አያቆምም።

የሚደረገው እንዲህ ነው። ወንዙ ዳር ጠንካራ ችካል ተክላችሁ በየ10 ሳንቲ ሜትሩ ምልክት አድርጉበት። ምሽት 12 ሰዓት ላይና ከመተኛታችሁ በፊት አንብቡት። በሁለቱ ንባብ መካከል ከጨመረ፣ ውሃውም ደፍርሶ ቅጠልና ጭራሮ ይዞ መውረድ ከጀመረ፣ የላዩ ጎርፍ ፊት ደርሷል ማለት ነው፤ ዋናው ከኋላ ነው። ደብረ ታቦር ወይም ክምር ድንጋይ ዘመድ ያለው ሰው ማታ ማታ ስልክ ይደውል። ጥያቄው «ዘነበ ወይ?» ሳይሆን «ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት፣ ምን ያህል?» ይሁን። ጉና ላይ ሦስት ቀን በተከታታይ ከዘነበ በአራተኛው ቀን ከብቶችንና እህሉን ሳይመሽ ወደ ከፍታው አውጡ። በሌሊት የሚሞላ ውሃ ውስጥ ከብት መፈለግ ሰው ያስበላል። ፈጥኖ የሚወርድ ውሃ 15 ሳንቲ ሜትር ብቻ ቢሆን እንኳ ሰው ይጥላል፤ 60 ሳንቲ ሜትር ከሆነ አብዛኛውን መኪና ይወስዳል።

ጥያቄ (ከዋሽንግተን)፦ ወላጆቼ ደብረ ታቦር ናቸው። ስልኬ ላይ ያለው የአየር ትንበያ በየቀኑ የመብረቅ ምልክትና «80 በመቶ» ያሳያል። ሙቀቱም እነሱ ከሚነግሩኝ ጋር አይገጥምም። ልተወው?

አትተዪው እህቴ፣ አነባበቡን አስተካክዪ። 80 በመቶ ማለት ቀኑን 80 በመቶ ይዘንባል ማለት አይደለም፤ ዝናቡ ከባድ ነው ማለትም አይደለም። እንዲህ ዓይነት ሁኔታ በታየባቸው 100 ቀናት በ80ዎቹ እዚያ ቦታ ላይ ጥቂትም ቢሆን ይዘንባል ማለት ነው። በነሐሴ ይህ ሁልጊዜ ከፍ ስለሚል ብቻውን ብዙ አይነግርም። ምልክቱን ተዪና በየሰዓቱ የሚሰጠውን የሚሊ ሜትር መጠን ተመልከቺ፦ 2 ሚሊ ሜትር ካፊያ ነው፣ በአንድ ከሰዓት 25 ከሆነ ዶፍ ነው።

ሙቀቱ የሚሳሳተው በከፍታ ምክንያት ነው። ዓለም አቀፎቹ የትንበያ ሞዴሎች ምድርን 9 ወይም 13 ኪሎ ሜትር በሚያህሉ ካሬዎች ከፋፍለው ለእያንዳንዱ አማካይ ከፍታ ይሰጣሉ። ጉና አካባቢ በአንድ ካሬ ውስጥ ቁልቁለቱ ከአንድ ሺህ ሜትር ሊበልጥ ይችላል። ለ1,000 ሜትር ወደ 6 ዲግሪ ተኩል እያልሽ አስቢ። ወረታ 26 ዲግሪ ከሆነ፣ 2,700 ሜትር ላይ ያለው ደብረ ታቦር 20 ገደማ፣ ጉና ላይ 4,000 ሜትር ዘንድ ደግሞ 12 ገደማ ይሆናል። ሰዓቱንም አረጋግጪ፤ ስልኩ የአንቺን ሳይሆን የኢትዮጵያን ሰዓት ማሳየት አለበት፣ 15፡00 የሚለውም ከቀኑ 9 ሰዓት ነው።

ጥያቄ፦ የወቅቱ ትንበያ «ከመደበኛ በላይ 45 በመቶ» ሲል ምን ማለቱ ነው?

ያለፉት ዓመታት ክረምቶች ከደረቅ እስከ እርጥብ ተደርድረው በሦስት እኩል ተከፍለዋል፤ ምንም መረጃ ባይኖር ለእያንዳንዱ 33 በመቶ ይደርሰው ነበር። 45 ማለት ሚዛኑ ወደ እርጥቡ አዘንብሏል ማለት ነው፤ 55 በመቶው ግን አሁንም ከዚያ ውጭ ነው። የሚናገረውም ስለ ወቅቱ ድምር ነው። በየትኛው ሳምንት እንደሚዘንብ አይነግርም። ሚዛኑን በዋናነት የሚያዘነብለው የፓስፊክ ውቅያኖስ ነው፤ ኤል ኒኞ (የፓስፊክ ወገብ አካባቢ ውሃ ከወትሮው መሞቅ) ሲሆን ክረምታችን ይደክማል፣ የ2007 ዓ.ም. ክረምት ምስክር ነው። ላ ኒና (የዚያው ውሃ ከወትሮው መቀዝቀዝ) ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ ይበረታል።

ጥያቄ (ከፋርጣ፣ ድንች አምራች)፦ መድኃኒት በረጨሁ ቁጥር ዝናብ ያጥብብኛል። መቼ ልርጭ?

የድንችን ቅጠል የሚያጠቁረው በሽታ የሚወደው የእናንተን መስከረም ነው፦ ከ10 እስከ 24 ዲግሪ ሙቀት፣ ጭጋግ፣ ከምሽት እስከ ረፋድ ሳይደርቅ የሚቆይ ቅጠል። ትንበያው ሁለት ቀን ተከታታይ ጭጋግና ካፊያ ካለ የሚረጨው ከዚያ በፊት ነው፤ ነጠብጣቡ ከታየ በኋላ ማንኮዜብ ብቻውን አያድንም፣ ሥራው መከላከል ነውና።

ሰዓቱ ከጠዋቱ 3 እስከ 4 ነው። ከዚያ በፊት ጤዛው መድኃኒቱን ያንጠባጥበዋል፤ ከ8 ሰዓት በኋላ ደግሞ ዶፉ ይመጣል። ከተረጨ በኋላ ቢያንስ አራት ሰዓት ሳይዘንብበት መቆየት አለበት። እንደ ማንኮዜብ ያለው ቅጠሉ ላይ ብቻ የሚቀመጥ ነው፤ 25 ሚሊ ሜትር ያህል ከዘነበበት ግማሹ ታጥቧል ብለው ያስቡ፣ በእሽጉ ላይ የተጻፈውን የቀናት ልዩነትም ሳይጥሱ ይድገሙት። ሪዶሚልን የመሰለው አንዱ ክፍሉ ወደ ቅጠሉ ስለሚገባ የተሻለ ይቆያል፤ እሱን ብቻ ደጋግሞ መርጨት ግን በሽታው እንዲለምደው ያደርጋል።

ጥያቄ፦ የዘነበውን መጠን ቤቴ መለካት እችላለሁ?

ይችላሉ፣ ሁሉም ቢለካ ደስ ይለኛል። ጎኑ ቀጥ ያለ የሁለት ሊትር የፕላስቲክ ጠርሙስ ይውሰዱ፤ አንገቱ መጥበብ የሚጀምርበት ላይ ይቁረጡና ጫፉን ገልብጠው እንደ ማጥለያ መልሰው ይክተቱት፣ ትነትን ይቀንሳል። የጠርሙሱ ቂጥ ጎድጓዳ ስለሆነ ጠጠር ይጨምሩበትና ቀጥ ያለው ጎን እስኪጀምር ውሃ ይሙሉ፤ እዚያ ላይ ዜሮ ብለው ያስምሩ። ከዜሮው በላይ በማስመሪያ ሚሊ ሜትር ይለጥፉበት። ከዛፍና ከቤት ቁመት ቢያንስ በእጥፍ አርቀው እንዳይወድቅ በችካል ይሰሩት። በየቀኑ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ፣ ጣቢያዎቹ በሚለኩበት ሰዓት፣ ያንብቡና ውሃውን ወደ ዜሮ ይመልሱ። አንድ ሚሊ ሜትር ማለት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ነው። የሚበላሸው ብዙ ጊዜ ጣሪያ ሥር ሲቀመጥ ነው፤ ፍሳሹም ይገባበታል፣ ወጨፎውም ያልፈዋል።

ጥያቄ፦ ደጋው ላይ በረዶ ይወርዳል፣ ሜዳው ላይ ግን ያው ደመና ዝናብ ብቻ ነው።

በዚህ ወቅት ሰማይ ላይ ውሃ የሚረጋበት ከፍታ 5,000 ሜትር ገደማ ነው። በረዶው ጉና አናት ለመድረስ 1,000 ሜትር ያህል ብቻ ይወርዳል፤ ፎገራ ለመድረስ ግን ከ3,000 በላይ፣ እዚያ ድረስ ይቀልጣል። ሜዳው ላይ ትልልቅ ቀዝቃዛ ጠብታ ከጣለ የቀለጠ በረዶ ነው።

ጥያቄ (ሾፌር)፦ ከወረታ ደብረ ታቦር የትኛው ሰዓት ይሻላል?

ከጠዋቱ 3 እስከ ቀኑ 7። ከዚያ በፊት ዳገቱ ላይ ደመናው ራሱ መንገዱ ላይ ተኝቶ ይገኛል። ረጅም መብራት ጭጋጉን ያበራውና ይበልጥ ያሳውራል፤ በአጭሩ ይሂድ።

ጥያቄ፦ ሩዝ ስናርም መብረቅ ቢመጣብን?

ብልጭታውን አይታችሁ ነጎድጓዱ እስኪሰማ ሰከንድ ቁጠሩ፤ ለሦስት ስታካፍሉት ርቀቱን በኪሎ ሜትር ታገኛላችሁ። 30 ሰከንድ ሳይሞላ ከተሰማ ከማሳው ውጡ፤ ዝናቡ እስኪጀምር አትጠብቁ። የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ 30 ደቂቃ ሳይሞላ አትመለሱ። ብቻውን የቆመ ዋርካ ወይም ባሕር ዛፍ ሥር መጠለል ከሁሉ የከፋው ነው። ጣሪያው ብረት የሆነ የተዘጋ መኪና ይሻላል። ምንም ከሌለ ከውሃው ወጥታችሁ ተበታተኑ፣ እግራችሁን ገጥማችሁ ቁጢጥ በሉ፤ መሬት ላይ አትጋደሙ።

ጥያቄ (ከጉና ሥር፣ ገብስ አምራች)፦ ትንበያው 4 ዲግሪ እያለ ማሳዬን ውርጭ መታው። እንዴት?

የሚተነበየው ከመሬት ሁለት ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ያለው አየር ነው። ሰማዩ በጠራና ነፋስ በሌለበት ሌሊት የቅጠሉ ሙቀት ከዚያ በአራት አምስት ዲግሪ ሊያንስ ይችላል። ስለዚህ ትንበያው ከ5 በታች ሲል፣ ሌሊቱም ጥርት ያለና ጸጥ ያለ ከሆነ፣ እንደ ውርጭ ሌሊት ይቁጠሩት። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ወደ ረባዳው ይፈስሳል፤ ከሸንተረሩ ይልቅ የሚመታው ግርጌው ነው። በመስከረም ማብቂያ የሚያሰጋው በተለይ ከ3,000 ሜትር በላይ ያለውን ነው፤ ከጥቅምት በኋላ ወደ ታች ይወርዳል። የዘገየውን ገብስ ከረባዳው ይልቅ ተዳፋቱ ላይ ይዝሩ። ውሃ በቅርብ ካለዎት ውርጭ በሚያሰጋበት ቀን ከሰዓት በፊት ማሳውን ያጠጡ፤ እርጥብ አፈር የቀኑን ሙቀት ይዞ ሌሊት ቀስ እያለ ይለቃል።