ኬሞ በወሰዱ ማግስት ስኳራቸው የሚወጣው ለምንድን ነው?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ እናቴ 58 ዓመቷ ነው፣ ስኳር ካለባት ቆይቷል። ሜትፎርሚንና ግሊቤንክላማይድ ትወስዳለች። አሁን ለጡት ካንሰር በየሦስት ሳምንቱ ፓክሊታክሴል የሚባል ኬሞ ጀምራለች። ጠዋት በባዶ ሆዷ ስትለካ 130 አካባቢ ናት፣ ግን ኬሞ በወሰደች ማግስት ከሰዓት ላይ 370 ሆኖ አገኘነው። ቤተሰቡ «ምን በልተሽ ነው?» እያለ ይቆጣታል። ሰው ደግሞ «ስኳር ካንሰርን ይመግባል» ስላላት መብላት ፈርታለች። ምን እናድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ እናትሽን መቆጣት ይቁም። ስኳሩን እንዲህ ያወጣው በአብዛኛው እሳቸው የበሉት እንጀራ ሳይሆን ከኬሞው ጋር የሚሰጠው ዴክሳሜታሶን የሚባል መድኃኒት ነው። ፓክሊታክሴል ከባድ አለርጂ ሊያስነሳ ስለሚችል ቀድሞ ዴክሳሜታሶን ይሰጣል፤ ማቅለሽለሽም ይቀንሳል። አስፈላጊ መድኃኒት ስለሆነ በራሳችሁ እንዳታስቀሩት። ግን ስቴሮይድ ከሚባሉት፣ አለርጂና እብጠት ከሚያበርዱት መድኃኒቶች አንዱ ነው፤ ጉበት ስኳር አብዝቶ እንዲለቅ፣ ኢንሱሊንም ሥራውን በደንብ እንዳይሠራ ያደርጋል፣ ይህም ሁለት ሦስት ቀን ሊቆይ ይችላል።

የስቴሮይድ ስኳር የሚወጣው በብዛት ከምሳ በኋላ እስከ ማታ ነው። ጠዋት ብቻ የሚለካ ሰው «ደህና ነኝ» ብሎ ቀኑን ሙሉ 300 ላይ ሊውል ይችላል። ስለዚህ በኬሞው ቀንና በቀጣዮቹ ሦስት ቀናት ከቁርስ በፊት፣ ከምሳ ሁለት ሰዓት በኋላ፣ ከእራት በፊትና ሲተኙ ለኳቸው። ስትሪፕ ውድ እንደሆነ አውቃለሁ፤ አንዴ ብቻ የምትለኩ ከሆነ ከእራት በፊት ያለው አይቅር። ጣታቸውን በውሃና በሳሙና አጥበው ያድርቁ፣ ፍራፍሬ የነካ ጣት የውሸት ቁጥር ይሰጣል።

የለካችሁትን ከነሰዓቱ ጽፋችሁ ለካንሰሩም ለስኳሩም ሐኪም አሳዩ። ሁለቱ እርስ በርስ ላይነጋገሩ ይችላሉ፣ አገናኙ ደብተራችሁ ነው። ለእነዚያ ቀናት ብቻ ጠዋት ጠዋት ኤንፒኤች የሚባለው፣ ለብዙ ሰዓታት የሚሠራው ኢንሱሊን ሊታዘዝላቸው ይችላል። ኢንሱሊን ተጀመረ ማለት በሽታው መጨረሻው ደረሰ ማለት አይደለም፣ ስቴሮይዱ ሲያልፍ ብዙ ጊዜ ይቆማል። ከ250 በላይ እየደጋገመ ከወጣ ደውሉ። ከ300 በላይ ሆኖ ከባድ ጥማት፣ ሽንት ማብዛት፣ ማስመለስ ወይም መፍዘዝ ካለ ግን በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል ውሰዷቸው።

አሁን ደግሞ ተቃራኒው አደጋ፣ እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ። ኬሞው አስመልሷቸው ምግብ አልወርድ ሲላቸው ግሊቤንክላማይድ በሉም አልበሉም ስኳር ማውረዱን አይተውም። ኩላሊት ከደከመ ደግሞ በሰውነት ውስጥ ይቆያል። ሜትፎርሚንም በትውከትና በተቅማጥ ሰውነት ሲደርቅ አይወሰድም። ስለዚህ ከሚቀጥለው ኬሞ በፊት ሐኪሙን «ያልበሉ ቀን የትኛውን ኪኒን እንዝለል?» ብለሽ ጠይቂና በወረቀት አጽፊ። ኢንሱሊን ከጀመሩ ግን ሳትጠይቁ ሙሉ በሙሉ አታቋርጡ። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ድንገተኛ ረሃብ ወይም መቃዠት ካየሽ ለኪ። ከ70 በታች ከሆነ ሦስት አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጠሽ ስጪያቸው፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ ደግመሽ ለኪ። ራሳቸውን ከሳቱ በአፋቸው ምንም አታፍስሱ፣ ወደ ሆስፒታል!

«ስኳር ካንሰርን ይመግባል» የሚለውን ወሬ ተዉት። እያንዳንዱ የሰውነታችን ሴል ስኳር ይጠቀማል። ሰው ምግብ ቢያቆም ሰውነቱ ጡንቻውን እያፈረሰ ስኳር ይሠራል፣ የሚከሳው ታማሚው ነው። የከሳ ሰው ደግሞ ኬሞ ይከብደዋል። ትንሽ ትንሽ ቶሎ ቶሎ ይብሉ፤ ሽሮው፣ ምስሩ፣ እንቁላሉ፣ ሥጋው፣ ጎመኑ ሁሉ ይሆናል፣ እንጀራም በልኩ። መቀነስ ያለበት ጠያቂ «ለጉልበት» ብሎ የሚያመጣው ጁስ፣ ማልት፣ ለስላሳና ማር የበዛበት አጥሚት ነው፣ በተለይ በስቴሮይዱ ቀናት። ጾመኛ ከሆኑ የንስሐ አባታቸውን ያማክሩ፤ በዚህ ሕክምና ላይ ያለ ሰው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባዶ ሆዱን መዋል የለበትም።

ትኩሳት 38 ከደረሰ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል። ኬሞ ነጭ የደም ሴልን ያወርዳል፣ ከፍ ያለ ስኳር ደግሞ ኢንፌክሽን የመከላከል አቅምን ያዳክማል። ሁለቱ ሲገናኙ ነገሩ በሰዓታት ውስጥ ሊከፋ ስለሚችል ፓራሲታሞል ሰጥቶ እስኪነጋ መጠበቅ አይቻልም።

እግራቸውንም እዪላቸው። ፓክሊታክሴል እጅና እግር ያደነዝዛል፣ ስኳርም እንደዚያው፣ ስለዚህ ቢቆስሉ ላይሰማቸው ይችላል። ማታ ማታ መርገጫቸውንና የጣቶቻቸውን መሃል ተመልከቺ፣ ቤት ውስጥም በባዶ እግር አይሂዱ። መደንዘዙ ከበፊቱ ከባሰ፣ ወይም ቁልፍ መቆለፍ ካስቸገራቸው፣ ቀጣዩ ኬሞ ከመሰጠቱ በፊት ለሐኪሙ ንገሩት፤ መጠኑን ሊያስተካክል ይችላል።