የገንዳ ማጽጃ ቫኩም ራሳችን እንሥራ፦ ጠይቁ፣ እመልሳለሁ

ሰላም ለሁላችሁ። የመዋኛ ገንዳ ማጽዳትና መጠገን ሥራዬ ነው፤ ብዙውን ጊዜ አዲስ አበባና ቢሾፍቱ ነው የምሠራው። እየገፉ የሚወስዱት ቫኩም ራሳችሁ ለመሥራት ያሰባችሁ ጠይቁኝ።

ጥያቄ፦ ምን ምን ልግዛ?

1 የፈረስ ጉልበት (750 ዋት ገደማ) ያለው የገንዳ ፓምፕ፣ ራሱ ውሃ የሚስብና ፊቱ ላይ የቆሻሻ ቅርጫት ያለው። ባለ 38 ሚሊሜትር መምጠጫ ቱቦ፣ የቫኩም ራስ፣ ዘንግ፣ ፋሼታ (የቱቦ ማጥበቂያ ቀለበት) እና ቴፍሎን (የመጋጠሚያ ማሸጊያ ፕላስተር)። ፓምፑን ባለ ሁለት ጎማ ጋሪ ላይ በቡሎን እሰሩት።

ጥያቄ፦ ቤት ያለው ትንሹ የውሃ ፓምፕ አይበቃም?

አይበቃም። እሱ የተሠራው ንጹሕ ውሃ ወደ ላይ ለመግፋት ነው። ለቫኩም የምንፈልገው ብዙ ውሃ ቶሎ ቶሎ የሚያሳልፍ ነው። አሸዋ ከገባበት ደግሞ ውስጡን ይበላዋል።

ጥያቄ፦ ገጣጥሜ ጨረስኩ፣ ግን ፓምፑ ይጮኻል እንጂ ውሃ አይስብም። ተቃጠለ?

ቶሎ አጥፋው ወንድሜ! ፓምፑ ውሃ እንዳያፈስ ዘንጉን የሚያሽገው ጎማ (ሲል) የሚቃጠለው ያለ ውሃ ሲሽከረከር ነው። ችግሩ በአብዛኛው አየር ነው። መጀመሪያ የቅርጫቱን ክዳን ከፍተህ ፓምፑን በውሃ ሙላው። ከዚያ የቫኩሙን ራስ ገንዳው ወለል ላይ አስቀምጥና ቱቦውን ቀጥ አድርገህ ትንሽ በትንሹ ወደ ውሃው አስገባው፤ በሌላው ጫፍ አረፋ መውጣቱን ሲያቆም ጫፉን ከውሃ ሳታወጣ በእጅህ ዘግተህ ወስደህ አገናኘው። አሁንም እንቢ ካለ ፓምፑ እየሠራ መጋጠሚያዎቹን የሳሙና አረፋ ቀባቸው፣ አረፋው ወደ ውስጥ የሚሰረግበት ቦታ ላይ አየር እየገባ ነው። ለስላሳ የአትክልት ቱቦ ተጠቅመህ ከሆነ ደግሞ ሲመጠጥ ይጣበቃልና ቀይረው። አንድ ነገር ልጨምር፦ የአዲስ አበባ አየር ግፊት ከባሕር ጠለል ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ስለሆነ እዚያ በስሌት እስከ 10 ሜትር የሚሳበው ውሃ እኛ ጋ ከ8 ሜትር በታች ነው፣ በተግባር ደግሞ ከዚያም ብዙ ያንሳል። ስለዚህ ፓምፑን ሰገነት ወይም ደረጃ ላይ አትስቀለው፤ ዝቅ ያለ ቦታ ይቀመጥ።

ጥያቄ፦ የተመጠጠው ውሃ የት ይሂድ?

ቅጠልና አሸዋ ከሆነ ወደ ገንዳው መልሱት። የመውጫው ጫፍ ላይ ከአቡጀዲ የተሰፋ ሰፊ ከረጢት እሰሩ፤ ጠባብ ከሆነ ወዲያው ይደፈናል። አረንጓዴ አልጌ ግን ከጨርቁ ያልፋልና መደፋት አለበት። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ይኼ ያንገበግባል፤ በሰዓት 10 ሜትር ኩብ የሚያሳልፍ ፓምፕ በ10 ደቂቃ ከ1,600 ሊትር በላይ ይደፋል። ስለዚህ ማታ ማጣሪያውን አጥፍታችሁ ቆሻሻው እንዲረጋ ተዉት፣ ጠዋት ወለሉን ብቻ በዝግታ ምጠጡ።

ጥያቄ፦ ልጆች አሉኝ፣ ኤሌክትሪኩ ያስፈራኛል።

መፍራትሽ ትክክል ነው እህቴ፤ 220 ቮልትና ውሃ ሰው ይገድላሉ። ኤሌክትሪክ ሲያፈስ በ30 ሚሊአምፔር የሚቆርጥ የሊኬጅ ብሬከርና ኧርዝ ከሌለ አትጀምሪው። ፓምፑም የኤክስቴንሽኑ መጋጠሚያም ከገንዳው ጠርዝ ቢያንስ 3.5 ሜትር ይራቁ። ፓምፑ እየሠራ ማንም ውሃ ውስጥ አይግባ፤ የመምጠጫው ኃይል የሕፃን ፀጉርና እጅ ይይዛል። ብሬከሩ ከወረደ መልሰሽ አታንሺው፣ ኤሌክትሪሺያን ጥሪ።

ጥያቄ፦ ስጨርስስ?

ክሎሪኑ እንዳይበላው ፓምፑን በንጹሕ ውሃ አለቅልቁ። ቱቦውን ፀሐይ ስለሚሰነጥቀው ጥላ ውስጥ አኑሩት።