የራሴን ሥራ እየሠራሁ ማረፍ ስንፍና ይሆንብኛል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ የእግዚአብሔር ሰላም ይብዛልዎ። የራሴን የልብስ ስፌት ሥራ ከከፈትኩ አራት ዓመት አለፈኝ፤ ስድስት ሠራተኞች አሉኝ። ተቀጥሬ በምሠራበት ጊዜ ሰዓቱ ሲደርስ ቦርሳዬን አንሥቼ እወጣ ነበር። አሁን ግን የምወጣበት ሰዓት የሚባል የለም። ስልኬን ትራሴ ሥር አድርጌ ነው የምተኛው፤ ደንበኛ በሌሊት መልእክት ከላከ ተነሥቼ እመልሳለሁ። ለጸሎት ስቆም የማስረክበው ልብስ ፊቴ ላይ ድቅን ይላል። እሁድ ከቅዳሴ እንደወጣሁ ሒሳብ ልሠራ እሮጣለሁ፤ አንዳንዴማ ቅዳሴውንም እተወዋለሁ። በቅርቡ ሐኪም ዘንድ ሄጄ የደም ግፊት እንዳለብኝ ተነገረኝና መድኃኒት ጀመርኩ። ባለቤቴ «ዕረፊ እንጂ» ይለኛል፤ እኔ ግን ቁጭ ስል የሰነፍኩ ይመስለኛል። ደግሞስ መጽሐፍ ልባም ሴትን ሲያመሰግን «መብራትዋ በሌሊት አይጠፋም» አይልም? ጌታስ «ራሱን ይካድ» ብሎ የለ? ለራሴ ማሰብ ራስ ወዳድነት እንዳይሆንብኝ ፈራሁ። መድኃኒት እየወሰድኩስ እንዴት ልጹም?

መልስ፦ እኅቴ፣ ጥቅስ ይዘሽ መምጣትሽ ደስ አሰኝቶኛል፤ እኔም ከዚያው ልነሣ። ምሳሌ 31 ላይ ያለው የልባም ሴት ምስጋና ከቁጥር 10 እስከ 31 ይሄዳል፤ 22 ቁጥር ማለት ነው። በዕብራይስጡ እያንዳንዱ ቁጥር በፊደል ተራ ይጀምራል። ዳዊት የሚደግም ሰው ከመዝሙር 118 ያውቀዋል፤ አሌፍ፣ ቤት፣ ጋሜል እያለ እንደሚወርደው ያለ ነው። ስለዚህ ይህ ምስጋና ከፊደል መጀመሪያ እስከ መጨረሻ የአንዲትን ሴት ሙሉ ዕድሜ የሚያነሣ ነው። ልጆችዋ ተነሥተው ምስጋናዋን ሲናገሩ እናያለን፤ ልጅ አድጎ እናቱን እስኪያመሰግን ስንት ዓመት እንደሚፈጅ አንቺው ታውቂዋለሽ። እርስዋን ሰዎች የአንድ ቀን የሥራ መርሐ ግብር አድርገው ያነቧታል፤ ያኔ ሴቲቱም አንባቢዋም አብረው ይደክማሉ።

ያነሣሽው ቁጥር 18 ነው። ከእርሱ ሦስት ቁጥር ከፍ ብለሽ 15ን ብታነቢ «ለገረዶችዋም ተግባራቸውን ትሰጣለች» ይላል፤ ሥራ ታካፍላለች እንጂ ሁሉን በራስዋ እጅ አትይዝም። በ17 ክንድዋን ታበረታለች። በ22 ለራስዋ ምንጣፍ ትሠራለች፣ ለራስዋም ጥሩ ልብስ ትለብሳለች። የሌላውን ሰው ልብስ ስትሰፊ ውለሽ የምታድሪ ሴት ሆነሽ ይህን ቁጥር መዝለልሽ ትንሽ አስገርሞኛል። ከ22ቱ አንዱን መዝዘሽ፣ እርሱንም ቢሆን በራስሽ ላይ ጅራፍ አደረግሽው።

«ራሱን ይካድ» የሚለውን በአጭሩ ልመልስልሽ። ጌታ በማርቆስ 8፥34 ቃሉን በዚያ አላቆመውም፤ መስቀሉንም ይሸከም፣ ይከተለኝም አለ። ራስን መካድ የሚመዘነው ስለ ማን እንደካድሽ ነው። አንቺ እንቅልፍሽን የካድሽው ለሰኞ ጠዋት ለሚደርስ ትእዛዝ ነው፤ ቅዳሴውን የተውሽውም ለሒሳብ መዝገብ ነው። ድካምሽን አላቃልልም፤ ነገር ግን መስቀል ብለን አንጥራው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። «ቁጭ ስል የሰነፍኩ ይመስለኛል» ያልሽው ቃል በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ተናጋሪ አለው። በዘጸአት 5 ሙሴና አሮን ሕዝቡ ሄዶ ለእግዚአብሔር በዓል ያደርግ ዘንድ ፈርዖንን ለመኑት። ፈርዖን ምን አደረገ? ጡብ የሚሠራበትን ጭድ ከለከለና የጡቡ ቁጥር ግን እንዳይጎድል አዘዘ። ሊያለቅሱ ሲመጡም «ሰነፎች ናችሁ ሰነፎች፤ ስለዚህ፦ እንሂድ ለእግዚአብሔርም እንሠዋ ትላላችሁ» አላቸው። አምልኮን ስንፍና ብሎ የጠራው ፈርዖን ነው፤ ዕረፍትንም እንዲሁ። እና እኅቴ፣ ተቀጥረሽ ስትሠሪ አለቃሽ ሌላ ሰው ነበር፤ ሰዓት ሲሞላ ከእርሱ ታመልጪ ነበር። አሁን ጡብ ቆጣሪዋም ጡብ ሠሪዋም አንቺው ሆነሻል። ጭዱን ራስሽ ትከለክያለሽ፤ እንቅልፍ የለም፣ በሰዓቱ የሚበላ ምግብ የለም፣ እንደምገምተውም ለራስሽ የቆረጥሽው ደመወዝ የለም (ብዙ የራሳቸውን ሥራ የሚሠሩ ሰዎች የሠራተኛውን ከፍለው የቀረውን «የእኔ ነው» ይላሉ፤ የሚቀር ግን የለም)። የጡቡ ቁጥር ደግሞ ያው ነው። እንዲህ ያለው ፈርዖን ከሌላው የከፋ ነው፤ ወደ ቤት ይከተልሻልና።

ስለዚህ ነው የሰንበት ትእዛዝ ሁለት ምክንያት የተሰጠው። በዘጸአት 20 «እግዚአብሔር በስድስት ቀን ፈጥሮ በሰባተኛው ስላረፈ» ይላል። በዘዳግም 5 ግን ሙሴ ያንኑ ትእዛዝ ሲደግመው ሌላ ምክንያት ያመጣል፤ አንተ በግብፅ ባሪያ እንደነበርህ አስብ ይላል። ዕረፍት የባርነት ማብቂያ ምልክት ነው። ባሪያ «ዛሬ አልሠራም» ማለት አይችልም፤ አርነት የወጣ ሰው ግን ይችላል።

በዚያው በዘዳግም 5፥14 አንድ ነገር አለ፤ እንደ አንቺ ሠራተኛ ያለው ሰው ቀስ ብሎ ሊያነበው የሚገባ። ትእዛዙ የተሰጠው ለቤቱ ባለቤት ነው፤ ከእርሱ ጋር ግን ወንድ ልጅ፣ ሴት ልጅ፣ ሎሌ፣ ገረድ፣ በሬ፣ አህያ፣ በደጅ ያለው እንግዳ ሳይቀር ይዘረዘራል፤ ምክንያቱም «ሎሌህና ገረድህም እንደ አንተ ያርፉ ዘንድ» ነው። «እንደ አንተ» የምትለዋን ያዢልኝ። አንተ ካላረፍህ እነርሱ በምን ልክ ያርፋሉ? ከምሽቱ አምስት ሰዓት ላይ «ያቺ ቀሚስ ቁልፍ ተተክሎላታል ወይ?» ብለሽ ለሠራተኛሽ ስትልኪላት፣ አንቺ ለጥያቄ ያህል ላክሽው ይሆናል፤ እርስዋ ግን ከአልጋዋ ትነሣለች። አንቺ በፈቃድሽ ነቃሽ፤ እርስዋ በፈቃድዋ አይደለም። ስለዚህ የአንቺ ዕረፍት ራስ ወዳድነት እንዳይሆንብሽ አትፍሪ። ስድስት ሰዎች የሚያርፉት አንቺ ስታርፊ ነው።

ስልክሽን ትራስሽ ሥር አድርገሽ እንደምትተኚ ስትነግሪኝ ማርቆስ 4 ታወሰኝ። ጌታ ቀኑን ሙሉ ከታንኳ ላይ ሲያስተምር ውሎ ሲመሽ ተሻገሩ፤ ማዕበል ተነሣ፣ ታንኳይቱ ውኃ እየሞላች ሄደች። «እርሱም በስተኋላዋ ትራስ ተንተርሶ ተኝቶ ነበር»። ማዕበሉን ማቴዎስም ሉቃስም ጽፈዋል፤ ትራሱን የጻፈልን ግን ማርቆስ ብቻ ነው። ዓለምን የያዘ ጌታ ራሱን ትራስ ላይ አሳርፎ ተኛ፤ እኛ ልብስ የምናስረክበው ሰዎች ግን ትራሳችን ሥር ዘበኛ አስቀምጠናል። «እኔ ካልነቃሁ ይፈርሳል» የሚለው አሳብ ትጋት መስሎ ይመጣል፤ ውስጡን ስትገልጪው ግን ትንሽ ትዕቢት አለበት። «እግዚአብሔር ቤትን ካልሠራ፥ ሠራተኞች በከንቱ ይደክማሉ» የተባለው ለሰነፎች አልነበረም፤ ለሚደክሙት ነው።

ይህን የምጽፈው ከላይ ሆኜ እንዳይመስልሽ። እኔ ራሴ ማታ ማታ በተለያየ ቦታ እያስተማርኩ፣ ቀን ደግሞ ሌላ ሥራ እየሠራሁ ሁለት ዓመት ያህል ኖሬአለሁ። አንድ ማታ ስለ ትዕግሥት ሳስተምር አንድ ወጣት እጁን አውጥቶ የተናገርኩትን እንድደግምለት ጠየቀኝ። ጮኽኩበት። ስለ ትዕግሥት! አዳራሹ ጸጥ አለ፤ ልጁም አንገቱን ደፋ። ይቅርታ ለመጠየቅ በማግሥቱ ቤቱ ድረስ ሄድኩ፤ እናቱ ፊቴን አይታ በመጀመሪያ ያለችኝ «መምህር፣ አሞዎታል እንዴ?» ነበር። የድካም ኃጢአት በአብዛኛው እንዲህ ነው፤ ወደ ራስሽ ብቻ አይወርድም፣ አጠገብሽ ባለ ሰው ላይ ነው የሚያርፈው። ባለቤትሽን ጠይቂው።

ስለ ሥጋሽ ደግሞ፦ ኤልያስን ተመልከቺ፤ 1ኛ ነገሥት 19። ትልቁ ነቢይ ከክትክታ ዛፍ በታች ተቀምጦ «ይበቃኛል» ብሎ ሞትን ለመነ። እግዚአብሔር በመጀመሪያ አልገሠጸውም፤ አስተኛው። መልአኩ ቀስቅሶ አበላው፣ አጠጣው፤ እንደገና ተኛ። ሁለተኛ ቀስቅሶ «የምትሄድበት መንገድ ሩቅ ነውና ተነሥተህ ብላ» አለው። ድምፅ የሰማው፣ ተልእኮ የተቀበለው ከዚህ በኋላ ነው። የደም ግፊትሽ ከሥራው የመጣ ነው ብዬ አልፈርድም፤ ያ የሐኪምሽ ነው። ግን የዓለም ጤና ድርጅትና ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጡት ጥናት፣ በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚሠራ ሰው ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከሚሠራው ይልቅ በስትሮክ የመያዝ አደጋው 35 በመቶ ያህል ይበልጣል። ያንቺን ሳምንት በወረቀት ላይ ቁጠሪው፤ የሌሊቱን መልእክትና የእሁዱን ሒሳብ ጨምረሽ።

ታዲያ ምን ላድርግ ትይኝ ይሆናል። መና ሲወርድ በስድስተኛው ቀን ሕዝቡ እጥፍ ሰበሰበ፤ የሰባተኛው ቀን ዕረፍት የተዘጋጀው በስድስተኛው ነው። አንዳንዶቹ ግን በሰባተኛውም ቀን ሊሰበስቡ ወጡ፤ ምንም አላገኙም። አንቺም ትእዛዝ ስትቀበዪ የማስረከቢያውን ቀን የምትጽፊበት ደብተር አለሽ፤ ዕረፍትሽ የሚሰረቀው እዚያች ገጽ ላይ ነው። ደንበኛዋ «ለሰኞ ጠዋት» ስትልሽ እሁድን እንደ ሥራ ቀን ቆጥረሽ «እሺ» ትያለሽ። ከዛሬ ጀምሮ እሁድን ከደብተሩ ሠርዢው፤ «ማክሰኞ ይደርሳል» በያት። የምትሄድ ትኖራለች። ትሂድ። በጣም የምትቸገሪበት ወር ይመጣል፣ ያኔ ጌታ በሉቃስ 14 በሬው በሰንበት ጉድጓድ ስለገባበት ሰው ያለውን አስቢ፤ ያወጣዋል። በሬው በየሰንበቱ ጉድጓድ የሚገባ ከሆነ ግን ጥፋቱ የበሬው አይደለም።

ሁለተኛው የዮቶር ምክር ነው። ሙሴ ከጠዋት እስከ ማታ ተቀምጦ ሲፈርድ አማቱ አይቶ «አንተ የምታደርገው ይህ ነገር መልካም አይደለም» አለው፤ አንተም ሕዝቡም ትደክማላችሁ ብሎ። የታመኑ ሰዎችን በሺህ፣ በመቶ፣ በአምሳ፣ በአሥር ላይ ሹም፤ ትልቁን ወደ አንተ ያምጡ፣ ትንሹን እነርሱ ይጨርሱ አለው። ከስድስቱ መካከል እግዚአብሔርን የምትፈራ፣ እጅዋ የታመነ አንዲት ሴት አትጠፋም። ቁልፉን ስጫት። መቁረጡንና ትእዛዝ መቀበሉን አስይዣት። ጨርቅ ታበላሻለች፤ አንቺም ስትጀምሪ አበላሽተሻል። ደመወዝዋንም በዚያው ልክ ከፍ አድርጊላት፣ ያለዚያ ጭድ የከለከልሽው እርስዋን ነው።

በጸሎት ጊዜ ልብሱ ድቅን ስለሚልብሽ አትደንግጪ። አባ እንጦንስ በበረሃ ልቡ ታውኮ «ልድን እወዳለሁ፤ አሳቤ ግን አልተወኝም» ሲል እንደ እርሱ ያለ ሰው ተቀምጦ ገመድ ሲጎነጉን፣ ተነሥቶ ሲጸልይ፣ ተመልሶ ሲጎነጉን አየ፤ መልአክ ነበር። «እንዲህ አድርግ፤ ትድናለህም» አለው። ሥራ ከእጁ አልወሰደበትም፤ የመነሻ ሰዓት ሰጠው እንጂ። አንቺም ቀን ላይ መርፌውን አስቀምጠሽ ለአጭር ጸሎት የምትነሺበት ሰዓት ይኑርሽ። ማታ ደክሞሽ በአንድ ጊዜ ልትከፍዪው የምታከማቺው ጸሎት ነው ልብስ የሚሞላው።

የቀረው ጾሙ ነው። በራስሽ ፈቃድ መድኃኒቱን አቋርጠሽ አትጹሚ፤ በራስሽ ፈቃድም ጾሙን አትተዪ። መጀመሪያ ሐኪሙን ጠይቂው፦ ክኒኑ በስንት ሰዓት ይወሰድ፣ ከምግብ ጋር ነው ወይ፣ ሽንት የሚያበዛ ዓይነት ነው ወይ (እንዲህ ያለው ከሆነ ረጅም ሰዓት ውኃ ሳይጠጡ መዋል ሊጎዳ ይችላል)። ያለሽን ይዘሽ ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው፤ ሰዓቱን ያሳጥሩልሻል ወይም በሌላ ይተኩልሻል፤ ለሕመምተኛ ቤተ ክርስቲያን ርኅራኄ አላት። ሲራክም በምዕራፍ 38 ሐኪምን አክብር፣ እርሱንም እግዚአብሔር ፈጥሮታል ይላል። ሐኪሙ ዘንድ የምትሄጂበትን ቀን ግን እኔ ልምረጥልሽ፦ በሥራ ቀን፣ በሥራ ሰዓት፣ ቁልፉን ለዚያች ሴት ሰጥተሽ።