ፕላን በእጥፍ ሲያድግ

ጥያቄ፦ በአዳማ አነስተኛ የእንጨት ሥራ ቤት አለኝ። ታይገር ሞዝ የተባለውን ባለ ድርብ ክንፍ አውሮፕላን በሞዴል ለመሥራት የሚያስችል ፕላን አግኝቻለሁ፤ ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 112 ሳንቲ ሜትር ነው። በእጥፍ አሳድጌ በሬዲዮ የሚመራ ትልቅ ሞዴል ልሠራ አስቤአለሁ። ሁሉንም ልኬት በሁለት ባባዛ ያስኬደኛል? ባልሳ የተባለው በጣም ቀላል እንጨት ስለሌለኝስ በኮምፔንሳቶ ብተካው?

መልስ፦ የእውነተኛው ታይገር ሞዝ ክንፍ 8.94 ሜትር ስለሆነ በእጅዎ ያለው ፕላን የአውሮፕላኑ አንድ ስምንተኛ ነው፤ በእጥፍ ሲያድግ ሩቡን ያህላል። ችግሩ ያለው «ሁሉንም» ባሉት ቃል ላይ ነው። ርዝመቱ፣ ወርዱና ውፍረቱ በእጥፍ ካደጉ የክንፉ ስፋት አራት እጥፍ ሲሆን ክብደቱ ግን ስምንት እጥፍ ይሆናል፤ 1.6 ኪሎ የሚመዝነው ትንሹ ሞዴል ወደ 13 ኪሎ ይጠጋል ማለት ነው። እያንዳንዱ የክንፍ ካሬ ሜትር የሚሸከመው ጭነት በእጥፍ ስለሚጨምር፣ አውሮፕላኑ ሳይወድቅ ሊበርበት የሚችለው ዝቅተኛ ፍጥነት በ40 በመቶ ገደማ ከፍ ይላል። አዳማ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1600 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አየሯ ከባሕር ዳርቻ አየር በ15 በመቶ ገደማ የሳሳ ነው፤ ይህም በፍጥነቱ ላይ ሌላ 8 በመቶ ይጨምርበታል፣ የቤንዚን ሞተር ከሆነም ጉልበቱን ይቀንስበታል።

ስለዚህ ቅርጹን በእጥፍ ያሳድጉ፤ የእንጨቱን ውፍረት ግን በየቦታው እያመዛዘኑ ይወስኑ። ኮምፔንሳቶ ከባልሳ አራት እጥፍ ገደማ ስለሚከብድ ሞተሩ በሚታሰርበት ግድግዳ፣ በእግሮቹ መያዣና ሁለቱን ክንፎች የሚያገናኙት ምሰሶዎች በሚገቡበት ቦታ ብቻ ይጠቀሙበት። ለጅራቱ ግን እንደምንም ብለው ባልሳ ይፈልጉ። ታይገር ሞዝ አፍንጫው አጭር፣ ጅራቱ ረጅም ነው። እኔም በመጀመሪያ ሥራዬ፣ ጠንካራ ይሁን ብዬ፣ የጅራቱን ክፈፍ ከኮምፔንሳቶ ቆርጬው ነበር። ትርፍ ክብደቱ 200 ግራም ብቻ ነበር፤ ነገር ግን ከሚዛኑ ነጥብ፣ ማለትም ሞዴሉ ወደ ፊትም ወደ ኋላም ሳያዘነብል ከሚቆምበት ቦታ፣ 120 ሳንቲ ሜትር ወደ ኋላ ስለተቀመጠ፣ ከነጥቡ 40 ሳንቲ ሜትር ወደ ፊት ባለው አፍንጫ ላይ 600 ግራም እርሳስ ካላሰርኩበት በስተቀር ሞዴሉ አልስተካከል አለኝ። በድምሩ 800 ግራም የማይሠራ ጭነት ተሸክሞ በረረ።

የሚዛኑ ነጥብ ርቀት እንደ ሌላው ርዝመት በሁለት ይባዛል፤ ማዕዘን ግን አይባዛም። ፕላኑ የክንፉን ዘንበል 2 ዲግሪ ካለ በትልቁም 2 ዲግሪ ነው፤ ይህን የሚስት ጎበዝ አናጺ አይጠፋም። መሪዎቹን የሚያንቀሳቅሱት ትንንሽ ሞተሮች፣ ሰርቮዎችም፣ በተመሳሳይ ፍጥነት እንኳ ስምንት እጥፍ ጉልበት ስለሚጠየቁ፣ የትንሹ ሞዴል ሰርቮዎች አይበቁም።

ፕላኑን አሳድገው ሲያስትሙ በጠርዙ ላይ ትክክለኛ የአንድ ሜትር መስመር ያስገቡበትና ከማተሚያው ሲወጣ እዚያው በሜትር ይለኩት። የአንድ በመቶ ስሕተት በክንፉ ላይ ከ2 ሳንቲ ሜትር በላይ ይሆናል፤ የላይኛው ክንፍ በአንድ ወረቀት፣ የታችኛው በሌላ ከታተመ ደግሞ ምሰሶዎቹ ቀዳዳቸውን አያገኙም።