መልስ፦ ስካይሪም ላይ ኡልፍሪክ ወይስ ኢምፓየሩ?

ስካይሪም በሚባለው የቪዲዮ ጌም የእርስ በርስ ጦርነት፣ አማፂው ኡልፍሪክ ወይስ አገሩን የሚገዛው ኢምፓየር፣ «ማን ነው ልክ?» ብለህ ለጠየቅከው፣ እኔ በሁለቱም ወገን ተሰልፌ ጨርሼዋለሁ። ጌሙ በ2011 እ.ኤ.አ. ከወጣ ጀምሮ ክርክሩ አልበረደም።

የጠቡ ምንጭ የሰላም ውል ነው። ኢምፓየሩ ሹል ጆሮ ካላቸው ኤልፎች ጋር ከተዋጋበት ታላቁ ጦርነት በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ታይተስ ሚድ 2ኛ ከኤልፎቹ ጋር ሲዋዋል፣ የስካይሪም ተወላጆች የሆኑት ኖርዶች አምላካችን የሚሉት የታሎስ አምልኮ እንዲከለከል ተስማማ። የኢምፓየሩ ጦር አዛዥ ጄኔራል ቱሊየስ ለጊዜው አንገታችንን ደፍተን አቅም እናሰባስብ፣ ከተበታተንን ተራ በተራ ይበሉናል ባይ ነው። ኡልፍሪክ ደግሞ አምላኩን የሸጠ ዙፋን አይገዛኝም አለ። የስካይሪምን ወጣት ንጉሥ ቶሪግንም ገደለው።

ወሬውስ ያምራል። ግን እስቲ ኡልፍሪክ የሚገዛው ከተማ ዊንድሄልም ግባ። ገና ከበሩ ሁለት ኖርዶች አንዲት ጥቁር ኤልፍ ላይ ሲጮሁባት ታያለህ። ስደተኞቹ ጥቁር ኤልፎች ግራጫው ሰፈር ታጭቀዋል። እንሽላሊት መሰሎቹ አርጎኒያኖችማ ከግንቡ ውጭ፣ ወደቡ ላይ ነው የሚያድሩት። «ስካይሪም ለኖርዶች» ሲባል እንግዲህ ይሄ ነው።

የታልሞር፣ ማለትም የኤልፎቹ ገዢ ቡድን፣ ኤምባሲ ውስጥ ያለውን የኡልፍሪክን ፋይል አንብበኸዋል? ታልሞሮቹ የሚፈልጉት ማንም ሳያሸንፍ ጦርነቱ እንዲጎተት ነው። እኔ እሱን ካነበብኩ ወዲህ ኢምፓየሩን እመርጣለሁ፤ ጌሙ ሲጀምር ሄልገን ከተማ ላይ ያለ ጥፋቴ አንገቴን ሊቀሉኝ የነበሩትም እነሱው ናቸው እንጂ!