ለተከራይ ቁም ሳጥን ላሠራ ላልሽው

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። ጎንደር ማራኪ ሰፈር ሁለት ክፍል ተከራይተሽ ከሁለት ልጆች ጋር ነሽ፣ ዕቃው ወለሉን ሞልቶታል፣ አከራይሽ ደግሞ ግድግዳ ላይ መደርደሪያ ማስመታት አይፈቅዱም። ቁም ሳጥን ልግዛ ወይስ ላሠራ፣ የትስ ላቁመው ነው ያልሽው። እኔም ጎንደር ውስጥ ከሰፈር ሰፈር በኪራይ ስዞር ነው የኖርኩት፣ ዛሬም ልብሱም ሽሮውም ብርድ ልብሱም ያለው በቁም ሳጥን ነው፣ ስለዚህ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

አሠሪ። ግን ተፈታቶ የሚገጠም ይሁን። ነገ "ልጄ ሊያገባ ነው፣ ቤቱን እፈልገዋለሁ" ብትባይስ? በምስማርና በኮላ የተመታ ከሆነ አንዳንዴ በበሩም አይወጣ፣ ቢወጣም በዚህ በኛ ዳገትና ኮብልስቶን በጋሪ ሲንገጫገጭ መጋጠሚያው ይላላል፣ ከዚያ በኋላ በሩ አልገጥም ይላል። ገና ዋጋ ስትነጋገሪ "በብሎን ይሁንልኝ" በዪው አናጺውን። ትንሽ ያስወድዳል፣ ይሁን።

ከዚያ ልኩ። ሁሉም ሰው ቁመቱንና ስፋቱን ይለካል፣ ወደ ውስጥ ስንት እንደሚገባ ግን ለአናጺው ይተውለታል። በመስቀያ ለሚንጠለጠል ልብስ 60 ሳንቲም ያስፈልጋል፣ ከዚያ ካነሰ የኮቱ ትከሻ በሩን ይገፋዋል። ለሳህን፣ ለበርበሬና ለሽሮ ጣሳ ግን 30 ወይም 35 ይበቃል። እንዲያውም ጠለቅ ካለ ከኋላ የገባው ይረሳል፣ አንድ ቀን የሻገተ ነገር ታወጪያለሽ። መደርደሪያው ከ80 ሳንቲም በላይ ከረዘመ መሃሉ ላይ ድጋፍ ይግባለት፣ አለበለዚያ ክብደት ሲበዛበት ይጎብጣል። ላይኛውን ሰፋ አድርገሽ አስተዪው። ለጥምቀት እንግዳ ሲመጣ የሚወጣው ብርድ ልብስና ጋቢ ዓመቱን ሙሉ የት ይቀመጣል ታዲያ?

ቁመቱ ላይ አንድ ነገር ልብ በዪ። ኤምዲኤፉ (የተጨመቀው የእንጨት ሰሌዳ) ርዝመቱ 2.44 ሜትር ስለሆነ አንዳንድ አናጺ ቆርጦ ላለማባከን እስከ ኮርኒስ ላድርስልሽ ይልሻል። ኮርኒስሽ 2.40 ነው እንበል። 2.30 ቁመትና 60 ሳንቲም ጥልቀት ያለውን ወለል ላይ አስተኝተው ገጥመው ሲያቆሙት ጥጉ ወደ 2.38 ይደርሳል፣ ለትንሽ ነው የሚያልፈው። 2.35 ካደረግሽው ጭራሽ አይቆምም። 2 ሜትር አሠሪና ጫፉ ላይ ሻንጣ ደርድሪበት።

አሁን ዋናው፣ ልጆች ስላሉሽ። ረጅም ቁም ሳጥን ግድግዳ ላይ ሳይታሰር አይቆምም፣ አለቀ። ልጅ መሳቢያ ስቦ እንደ ደረጃ ይወጣበታል፣ ያኔ ክብደቱ ወደ ፊት ይመጣና ይወድቃል። በዚሁ ምክንያት ልጆች ሞተው አይኬያ በ2016 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ወደ 29 ሚሊዮን የሚጠጉ ባለመሳቢያ ሳጥኖቹን መልሱልኝ ብሏል። አከራይሽን የመደርደሪያ ወሬ ሳታነሺ "ለልጆቹ ብዬ ሁለት ቀዳዳ ብቻ፣ ስለቅ በጄሶ እደፍነዋለሁ" ብለሽ ለምኛቸው። አብዛኛው አከራይ ለዚህ እንቢ አይልም። ቤቱ የጭቃ ከሆነ ፊሸር (ብሎኑን ግድግዳ ውስጥ የሚይዘው ፕላስቲክ) አይዝም፣ ተነቅሎ ይወጣል። ግድግዳውን እያንኳኳሽ ቋሚው እንጨት ያለበትን ፈልጊና ብሎኑ እሱ ላይ ይግባ። ብሎኬት ከሆነ ደግሞ ክፍት የሆነው ሆዱ ላይ እንዳይገባ፣ ኮለኑ (የኮንክሪት ምሰሶው) ይሻላል። ጭራሽ እንቢ ካሉሽ ረጅሙን ተዪውና ከወገብ የማይበልጥ ሰፊ ነገር አሠሪ፣ ከባድ ከባዱን ታች አድርጊ፣ ቲቪ ግን ላዩ ላይ እንዳታስቀምጪ።

የት ላቁመው ላልሽው፣ ክረምቱን አስቢ። የጎንደርን ሐምሌና ነሐሴ ታውቂዋለሽ። ዝናብ የሚመታው የውጭ ግድግዳ እርጥበት ይስባል፣ እሱን ተጠግቶ የቆመ ቁም ሳጥን ጀርባው ይሻግታል፣ ነጠላሽ ላይ ቢጫ ነጥብ ነጥብ ይወጣበታል። ከተቻለ ሁለቱን ክፍሎች በሚለየው የውስጥ ግድግዳ በኩል ይቁም። ካልተቻለ አራት አምስት ሳንቲም አርቂው፣ በመሃል የእንጨት ቁራጭ አስገብተሽ እሱን አሳልፈሽ እሰሪው። እግር ይኑረው፣ ቢያንስ 10 ሳንቲም። ኤምዲኤፍና ቺፑድ የወለል እጥበት ውሃ ከስር ከነካቸው ያብጣሉ፣ ካበጡ ደግሞ ወደ ቦታቸው አይመለሱም። አቅሙ ካለሽ የዋንዛ ጣውላ ይሻልሻል፣ ዕድሜ አለው። በደንብ ያልደረቀ የባህር ዛፍ ጣውላ ግን ሰው በርካሽ ቢሰጥሽም አትቀበዪ፣ ሲደርቅ ይጣመማል። ስታስገቢ ልብሱ በደንብ የደረቀ ይሁን፣ ፀሐይ በወጣ ቁጥር በሮቹን ከፈት አድርጊያቸው።

በረንዳ ላይ ለጀሪካኑ፣ ለከሰል ምድጃውና ለጫማው የላሜራ ሳጥን ከቁልፍ ጋር ብረት ቤት አሠሪ። እንጨት እዚያ አያዋጣም። ከስሩ ሁለት ብሎኬት አድርጊለት፣ ቀለሙ የተፋቀበትን ከክረምት በፊት ቀቢው።

የኮርኒስሽን ከፍታና ግድግዳው ጭቃ ይሁን ብሎኬት ጻፊልኝና ልኩን አብረን እናወጣለን።